ገነተ ልዑል፣ የስድስት ኪሎው ቤት

ራስ መኰንን ወልደ ሚካኤል ስማቸው ከሐረር ጋር ቢጠራም አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ዛሬ ስድስት ኪሎ በሚባለው ሠፈር ሰፊ ይዞታ ነበራቸው። መጋቢት 1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ ሲያርፉ ልጃቸው ተፈሪ ገና የ13 ዓመት ልጅ ነበሩ። ተፈሪ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ከአራት ዓመት በኋላም በአባታቸው ቦታ ላይ አዲስ ቤተ መንግሥት አሠሩ። ስሙንም ገነተ ልዑል አሉት።

ሥራው የተካሄደው በጥድፊያ ነበር። እንግዳ ሊመጣ ነው፤ እንግዳውም የስዊድን አልጋ ወራሽ ጉስታቭ አዶልፍ ናቸው። ምኒልክ ያቆሙት ታላቁ ግቢ ለግብርና ለችሎት የተመቸ ሰፊ ግቢ ነው እንጂ የአውሮፓ ልዑል ከነባለቤቱ በምቾት የሚያድርበት ቤት አልነበረም። ስለዚህ በአውሮፓ ወግ የተሠራ፣ የእንግዳ መቀበያ አዳራሽ፣ የመኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት ያለው ፎቅ በጥቂት ወራት ውስጥ ተነሣ። ልዑሉም ጥር 1927 ዓ.ም. ከቤተሰባቸው ጋር መጥተው በክብር ተስተናገዱ። በኋላ ጉስታቭ ስድስተኛ አዶልፍ ተብለው የነገሡት እኒህ ሰው የጥንት ቅርስ በመቆፈርና በማጥናት የሚታወቁ አርኪዮሎጂስት ነበሩ። የተሠራላቸው ቤት አንድ ቀን የቅርስ ማደሪያ እንደሚሆን ግን እሳቸውም አስተናጋጆቻቸውም ሊገምቱ አይችሉም።

የጉብኝቱ ወቅት የደስታ ብቻ አልነበረም። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ የኢትዮጵያና የኢጣሊያ ወታደሮች ተታኩሰው ነበርና የጦርነቱ ደመና ከወዲሁ ይታይ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ስዊድንን በእንዲህ ያለ ጊዜ ማክበራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ጄኔራል ኤሪክ ቪርጂን የተባሉ ስዊድናዊ አማካሪያቸው ነበሩ፤ በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመራ የመኰንኖች ቡድንም ሆለታ ላይ የጦር ትምህርት ቤት ከፍቶ የኢትዮጵያን ወጣቶች ያሠለጥን ነበር። ከእነዚያ የሆለታ ዕጩ መኰንኖች አንዱ ሙሉጌታ ቡሊ ይባላል። ስሙ ወደ ታች እንደገና ይመጣል።

ቤቱ ተሠርቶ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ባለቤቶቹ ለቀውት ሄዱ። ማይጨው ላይ ጦሩ ከተሸነፈ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በባቡር ወደ ጅቡቲ ጉዞ ጀመሩ። ከተማዋ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። በሦስተኛው ቀን ማርሻል ባዶሊዮ ጦሩን እየመራ አዲስ አበባ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ቦታውን የተረከበው ሮዶልፎ ግራዚያኒ የእንደራሴነቱን መኖሪያና ጽሕፈት ቤት ገነተ ልዑል ላይ አደረገ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ዕለቱ ዓርብ ነበር። በኢጣሊያ ለአልጋ ወራሹ ወንድ ልጅ ተወልዷል፤ ግራዚያኒም ደስታውን ምክንያት አድርጎ ለአዲስ አበባ ድኆች ገንዘብ እንዲታደል አዘዘ። በሺህ የሚቆጠሩ ችግረኞች፣ ዓይነ ስውራንና አካል ጉዳተኞች ሳይቀሩ፣ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ተሰበሰቡ። ግራዚያኒ ከሹማምንቱ ጋር፣ ጳጳሱ አቡነ ቄርሎስና የተገዙ መኳንንት ባሉበት፣ ከቤቱ ፊት ለፊት ቆሞ ነበር። በዚህ መካከል ለኢጣሊያ መንግሥት ይሠሩ የነበሩ ሁለት የኤርትራ ተወላጆች፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም፣ በተከታታይ የእጅ ቦምቦች ወረወሩ። ግራዚያኒ በስብርባሪ ቆሰለ፤ የአየር ኃይሉ ጄኔራል ሊዮታ እግሩን አጣ። ሁለቱ ወጣቶች በትርምሱ መሐል ከግቢው ወጥተው ስምዖን አደፍርስ በተባለው ወዳጃቸው ታክሲ አመለጡ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር ይከብዳል፤ መዝለል ደግሞ በሟቾቹ ላይ ግፍ መጨመር ነው። የግቢው በሮች ተዘጉ። ምጽዋት ሊቀበል በመጣው ሕዝብ ላይ የጥይት ውርጅብኝ ወረደ፤ ያ አትክልት የተተከለበት ሜዳ በሬሳ ተሸፈነ። ከዚያ የፋሺስት ፓርቲው ኃላፊ ጉዊዶ ኮርቴዜ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹን በከተማው ላይ ለቀቃቸው። ሦስት ቀን ሙሉ በጥይት፣ በአካፋ፣ በዱላ ገደሉ፤ ጎጆዎችን ከነነዋሪዎቻቸው አቃጠሉ። ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎ አቀረበ። ነገሩን ለረጅም ዓመታት ያጠኑት ኢያን ካምቤል ደግሞ 19,000 ያህል ይሆናል ይላሉ። ከሁለቱ የትኛውም ቢያዝ፣ ከዚያን ጊዜዋ አነስተኛ ከተማ ነዋሪ የጠፋው እጅግ ብዙ ነው።

ተምሯል የተባለ ወጣት ሁሉ ተለቅሞ ተረሸነ፤ የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ዮሴፍና ቢንያም ከእነዚያ ውስጥ ናቸው። ስምዖን አደፍርስ ተይዞ በሥቃይ ሞተ። አብርሃና ሞገስ ወደ ሱዳን ለመሻገር ሲጓዙ መንገድ ላይ ተገደሉ። ግንቦት ላይም የበቀሉ እጅ ደብረ ሊባኖስ ደርሶ መነኮሳቱን ፈጀ።

ፋሺስቶቹ በገነተ ልዑል ፊት ለፊት አንድ ምልክት ተክለው ነበር። ወደ ላይ የሚጠመዘዝ የሲሚንቶ ደረጃ ነው፤ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሎኒ ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ያለፈውን አንድ ዓመት ይቆጥራል። ከነፃነት በኋላ ኢትዮጵያውያን አላፈረሱትም፤ ከጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። ደረጃው ዛሬም እዚያው አለ። የሚያየው ሰው ታሪኩን ካላወቀ ግን እንዲሁ እንግዳ የሆነ ጌጥ መስሎት ያልፋል።

በ1930 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ግራዚያኒ ተሽሮ የአኦስታው መስፍን ተተካ፤ እሱም በተራው በዚህ ቤት ተቀመጠ። በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተሸንፎ አምባ አላጌ ላይ እጁን የሰጠው ግንቦት 1933 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከእሱ ቀድመው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገብተው ነበር።

የሚቀጥሉት 20 ዓመታት ጸጥ ያሉ ነበሩ። ገነተ ልዑል የንጉሣዊው ቤተሰብ መኖሪያ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ መነን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መኝታ ክፍል ነበራቸው። ከግቢው በር ውጭ፣ በስድስት ኪሎ አደባባይ፣ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ቆመ፤ በላዩ ላይ የሚታዩትን የእልቂት ምስሎች የቀረጹት አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የተባሉ ዩጎዝላቪያውያን ናቸው። በ1948 ዓ.ም. ለዘውዱ 25ኛ ዓመት የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሲሠራም ገነተ ልዑል መኖሪያነቱን አልተወም።

ያ ጸጥታ የተሰበረው ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚልን ሲጎበኙ የክብር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከታናሽ ወንድሙ ከግርማሜ ጋር ሆኖ መፈንቅለ መንግሥት አስነሣ። ግርማሜ በዊስኮንሲንና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች የተማረ፣ በወላይታና በጅጅጋ አስተዳዳሪ ሆኖ የገበሬውንና የዘላኑን ችግር በዓይኑ ያየ ሰው ነበር። ታኅሣሥ 4 ቀን ማታ «እቴጌ በጠና ታመዋል» የሚል ጥሪ ወደ ሚኒስትሮቹና ወደ መኳንንቱ ቤት ተላከ። ማን ይቀራል? እየመጡ ተያዙ፤ ወደ ገነተ ልዑልም ተወስደው ታሰሩ። በማግስቱ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን የአዲሱን መንግሥት መግለጫ በሬዲዮ አነበቡ። አራት ኪሎ የነበረው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም ለውጡን ደግፈው ሰልፍ ወጡ። ይህን ሰልፍ ልብ ይሏል፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ለሚሆነው ነገር ቁልፉ እሱ ነው።

ምድር ጦርና አየር ኃይል ግን አልተቀላቀሉም። ሜጀር ጄኔራል መርዕድ መንገሻና ሜጀር ጄኔራል ከበደ ገብሬ ለንጉሠ ነገሥቱ ታማኝ የሆነውን ጦር አሰባሰቡ፤ ፓትርያርኩ አቡነ ባስልዮስም ዐመፀኞቹን አወገዙ። የአሜሪካው አምባሳደር አርተር ሪቻርድስ ደም እንዳይፈስ በአሸማጋይነት ቢሞክሩም አልሆነም። ታኅሣሥ 7 ቀን ዓርብ ታንኮች ወደ ገነተ ልዑል ቀረቡ። ማምለጫ እንደሌላቸው የተረዱት ዐመፀኞች አረንጓዴው ሳሎን በሚባለው ክፍል ታስረው በነበሩት ሹማምንት ላይ መትረየስ አርከፈከፉ።

ራስ አበበ አረጋይ ወደቁ። አምስቱን የወረራ ዓመታት በሸዋ ዱር ጠላትን የታገሉት ታላቁ አርበኛ የሞቱት ጠላት ይኖርበት በነበረው ቤት ውስጥ፣ በወገን ጥይት ነው። ራስ ሥዩም መንገሻ፣ አቶ መኰንን ሀብተ ወልድ፣ አባ ሐና ጅማ ሞቱ። ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊም፣ የሆለታው ዕጩ መኰንን፣ እዚያው ቀረ፤ ክብር ዘበኛን ከመንግሥቱ ንዋይ በፊት ያዘዘው እሱ ነበር። ከሞት የተረፉም አሉ። ዐመፀኞቹ ጠቅላይ ሚኒስትር ብለው የሾሟቸው ልዑል ራስ እምሩ ከዚያ ቤት በሕይወት ወጥተዋል።

ንጉሠ ነገሥቱ በአስመራ በኩል ተመለሱ። ግርማሜ ሲከበብ ሞተ፤ መንግሥቱ ተፈርዶበት በ1953 ዓ.ም. መጋቢት ላይ በስቅላት ተቀጣ። ንጉሡም የወዳጆቻቸው ደም የፈሰሰበትን ቤት እንደገና ሊኖሩበት አልፈለጉም። መኖሪያቸውን ወደ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት አዛውረው ገነተ ልዑልን ከነግቢው ለትምህርት ሰጡ።

ስጦታው የሐዘንም የፖለቲካም ነበር ማለት ይቻላል። ዐመፁን በአደባባይ የደገፉት ተማሪዎች ናቸው፤ ቤተ መንግሥቱን የተረከቡትም እነሱው። ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። በ1943 ዓ.ም. ገደማ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲየን ማት የተቋቋመው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅና ሌሎቹ ኮሌጆች በአንድ ጥላ ሥር ሆኑ። ከሁለት ወር በኋላ፣ የካቲት 1954 ዓ.ም. እቴጌ መነን ዐረፉ።

ዛሬ በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን አቅራቢያ፣ በፎልስ ቸርችና በአካባቢው የሚኖሩ ብዙ አንጋፋ ኢትዮጵያውያን «ስድስት ኪሎ» ሲሉ የሚናገሩት ስለዚያ ግቢ ነው፤ የዋሽንግተን አካባቢም በታሪኩ ውስጥ ድርሻ አለው። በ1962 እ.ኤ.አ. ክረምት 300 ያህል ወጣት አሜሪካውያን የሰላም ጓድ አባላት ዋሽንግተን በሚገኘው የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሠልጥነው ኢትዮጵያ ገቡ፤ በየጠቅላይ ግዛቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገብተው አስተማሩ። ከእነሱ የተማሩት ልጆች ናቸው በኋላ የስድስት ኪሎን መማሪያ ክፍሎች የሞሉት። ንጉሠ ነገሥቱ በመስከረም 1956 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኬኔዲን ዋሽንግተን መጥተው ጎበኙ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ለቀብራቸው ተመለሱ። ከጄኔራል ደ ጎል ጋር በፊተኛው ረድፍ ተጉዘው ከፎልስ ቸርች ብዙም በማይርቀው የአርሊንግተን መቃብር ኬኔዲን ሸኙ። በገነተ ልዑል ግቢ የተሠራው ታላቁ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትም በኬኔዲ ስም ተሰየመ።

ቤተ መንግሥቱ ወደ ሙዚየምነት የተለወጠው በአንድ ቀን አዋጅ አይደለም። ነገሩን የጀመረው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የተባለ ፖላንዳዊ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነው። በ1950 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ገብቶ ለዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ መጻሕፍት ሲያደራጅ ጎን ለጎን መስቀል፣ ሥዕል፣ የዕለት ተዕለት መገልገያ ዕቃ መሰብሰብ ያዘ። በዚያ ዘመን ብዙ የኢትዮጵያ ቅርስ በየገበያው በርካሽ እየተሸጠ በቱሪስት ሻንጣ ይወጣ ነበር፤ እሱ ግን አገር ውስጥ እንዲቀር ደከመ። የሰበሰበው ሁሉ ዩኒቨርሲቲው ሲቋቋም ገነተ ልዑል ገባ።

በ1963 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተርም ሪቻርድ ፓንክረስት ሆነ። እናቱ ሲልቪያ ፓንክረስት በፋሺስት ወረራ ጊዜ ለኢትዮጵያ በለንደን የተሟገተች፣ ሞታም አዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበረች ናት። እንግዲህ ግራዚያኒ በኖረበት ቤት ውስጥ የግራዚያኒን ወንጀል ስታጋልጥ የኖረችው የሲልቪያ ልጅ የኢትዮጵያን ታሪክ የሚያጠና ተቋም መራ። በዚህ ቤት ታሪክ ውስጥ ካሉት ፍርዶች ሁሉ ይህኛው ልብን ያሳርፋል። የተቋሙ መጽሔት መታተም ጀመረ፤ በ1966 እ.ኤ.አ. ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ተካሄደ፤ በ1968 እ.ኤ.አ. ደግሞ የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር ተቋቁሞ ገንዘብ እያሰባሰበ ለሙዚየሙ ቅርስ መግዛት ጀመረ።

ግቢው ግን ከደም አልዳነም። ተማሪዎቹ የካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው ከወጡ ጀምሮ ስድስት ኪሎ የተቃውሞ ማዕከል ሆነ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ማታ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ከግቢው አቅራቢያ በጥይት ተመቶ ሞተ። በማግስቱ ጓደኞቹ ሬሳውን ከበው በግቢው ሲያለቅሱ ወታደሮች ገብተው ተኮሱባቸው፤ ተማሪዎች ሞቱ። ንጉሡ ለትምህርት የሰጡት ግቢ የንጉሡን ሥርዓት የሚጥለው ትውልድ ያደገበት ቦታ ሆነ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ፤ ዩኒቨርሲቲውም ስሙ ተለውጦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

ደርግ የንጉሡን ስም ከየአደባባዩ ሲያነሣ ገነተ ልዑል ሙዚየም መሆኑ ጠቀመው። ሆይናትስኪ ወደ ካናዳ ሄደ፤ ፓንክረስትም በ1976 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ከአሥር ዓመት በኋላ ተመለሰ። ስብስቡ ግን ባሉት ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች እጅ ተጠብቆ አለፈ። በአብዮት፣ በቀይ ሽብርና በመንግሥት ለውጥ መካከል ስብስቡ ሳይበተን መቆየቱ ስማቸው የማይጠራ ሰዎች ውለታ ነው።

አሁን ሙዚየሙን የሚጎበኝ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው የኢትዮጵያን ሕዝቦች ሕይወት ከልደት እስከ ሞት የሚያሳይ ክፍል ነው። ዕቃዎቹ የተደረደሩት በብሔር ወይም በክፍለ ሀገር አይደለም፤ ሕፃንነት፣ ጉልምስና፣ ሞትና ከሞት በኋላ እየተባለ ነው። የልጆች ጨዋታ፣ የእርሻና የአደን መሣሪያ፣ የሠርግ ጌጥ፣ የኮንሶ የመቃብር ሐውልት ጎን ለጎን ቆመዋል። በዚህ አደራደር የአፋሩ እረኛና የጎጃሙ ገበሬ በአንድ ክፍል ይገናኛሉ። ይህ ሐሳብ ብዙ የአገር ቤት ሙዚየሞች ያላገኙት ብልሃት ነው። ከላይ ያለው ፎቅ የሥነ ጥበብ ነው፦ የመንበር ታቦት ቅርጾች፣ የማርያም ሥዕሎች፣ የወርቅና የብር መስቀሎች፣ የክታብ ጥቅልሎች፣ ክራር፣ በገና፣ ማሲንቆ።

በቤቱ ውስጥ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍልም አለ። አልጋው አለ፤ መታጠቢያ ቤቱም የዘመኑ ዕቃ የተገጠመለት ነው። የእቴጌ መነን ክፍልም አጠገቡ ነው። በመኝታ ክፍሉ መስተዋት ላይ በ1953ቱ ግርግር የተተኮሰ ጥይት የተወው ቀዳዳ ይታያል። ሙዚየሙ መስተዋቱን አለመለወጡ ትክክለኛ ውሳኔ ነው።

ቤቱ ራሱ ግን እንደ ስብስቡ አልተተረከም። ጎብኚው ስለ ኮንሶ ሐውልት የሚያነበውን ያህል ስለ የካቲት 12 ግቢ፣ ስለ አረንጓዴው ሳሎንና ስለ ጥላሁን ሬሳ ሊያነብ ይገባ ነበር፤ ሁሉም የተፈጸሙት እሱ ከቆመበት ጥቂት እርምጃ ርቆ ነው። ለዚህ የሚረዳው ማስረጃ ደግሞ ሁሉም አዲስ አበባ አይደለም ያለው። ሪቻርድ ፓንክረስት የካቲት 2009 ዓ.ም. ዐረፈ፤ የ1953ቱን ታኅሣሥ በወጣትነት ያዩ ሰዎች ዛሬ 80 ዓመትን አልፈዋል። ከእነሱ አንዳንዶቹ በፎልስ ቸርች፣ በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ በልጆቻቸው ቤት ይኖራሉ። የግቢው ፎቶግራፎች፣ የተማሪ ማኅበር ወረቀቶች፣ ደብዳቤዎችና የምረቃ መጽሔቶች በየመሳቢያው ተቀምጠዋል።

እነዚህን ወረቀቶች ያላችሁ አትጣሏቸው። ጽፋችሁባቸው፣ ማን፣ የት፣ መቼ እንደሆነ አስፍራችሁ፣ ቅጂያቸውን ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ስጡ። አባትና እናታችሁ ስድስት ኪሎን የሚያውቁ ከሆኑም በስልካችሁ ድምፃቸውን ቅዱ፤ በዚህ ዓመት ቅዱት።